መላጣው ባለ ሾርባዬ፣ ፀጉሬን አልላጭም

ውዴ ተስፍሽ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። ዓመቱ በሞላ በማግስቱ ልጽፍልህ ነበር፤ አሥራ አንዱን ቀን የበላብኝ ስልክ ነው። ሙት ዓመትህ ላይ ያደረግኩትን ያልሰማ አበሻ በጆሃንስበርግ የለም፤ የሰማውም ቢሆን ከራሴ አፍ ካልሰማሁ እያለ ይደውላል። እኔም ማውራት አይሰለቸኝም፣ ታውቀኛለህ። ለሁሉም አውርቼ ጨረስኩ፤ አሁን ተራው ያንተ ነው።

ደብዳቤውን የቁንጅና ገጼ ላይ አወጣዋለሁ፤ ቅር እንዳይልህ። አንባቢዎቼ ስምህን ባያውቁም አንተን ያውቁሃል። «የቤቴ ሰውዬ» እያልኩ ስንት ዓመት ሳማህ ኖሬ የለ? መጽሔታችን በሎክዳውኑ ጊዜ መታተም አቁማ አሁን የምትወጣው በቴሌግራም ነው። ድሮ የሚያውቅህ ገዝቶ ያነበበ ብቻ ነበር፤ አሁን በነጻ ሁሉም ያውቅሃል።

ቤትህ እንዲህ ነው። ሊፍቱ አልተሠራም። ባተርነት ተሸክሜ አምስተኛ ፎቅ ስወጣ በአንዱ ፎቅ እረግምሃለሁ፣ በሚቀጥለው እመርቅሃለሁ፤ ይህን አንገተ ረጅም ዱባ ያስለመድከኝ አንተ ነህና። በረንዳው ላይ በቀለም ባልዲ የተከልከው በሶብላ እኔ ታምሜ በተኛሁበት ደረቀ። ሮዝመሪው ግን እምቢ አለ። ውኃ ሳይጠጣ ያን ሁሉ ሳምንት ቆሞ ጠበቀኝ። መብራት በየተራው ሲጠፋ አሁንም በዚያችው በጋዟ ምድጃ ነው የምሠራው። ድስቱም ያው ነው፣ እጀታው የተሰበረው። ሰዎች ቀይሪው ይሉኛል፤ አልቀይርም።

ሱቁን የአጎትህ ልጅ ምትኩ ይዞታል። አሌክሳንድራ ያሉት ደንበኞችህ እሱንም «ማይ ፍሬንድ» ይሉታል፤ ያው እዚያ ሠፈር አበሻ ባለ ሱቅ ሁሉ ስሙ ማይ ፍሬንድ አይደል። ሠፈሩ ሁሉ ጎጎ፣ አያቴ፣ የሚላት ታንዲ ግን እንቢ ብላለች። «ማይ ፍሬንድ አንድ ነበር፣ እሱም ሞተ» አለችው አሉ። እሱን «ሚቲኩ» እያለች በስሙ ትጠራዋለች። ምትኩ መጀመሪያ ተቀይሟት ነበር፤ አሁን ገብቶታል።

ላላወቁህ ሰዎች ትንሽ ልናገር። አርባ ምንጭ ነው ያደግከው፤ ሽፈራው እንደ ጎመን ተቀቅሎ ከቁርስ እስከ ራት በሚበላበት ቤት። እዚህ መጥተህ ስፓዛ፣ ያቺን የሠፈር ሱቅ፣ ስትከፍት ከዳቦውና ከስልክ ካርዱ ጎን በር ላይ አትክልት መደርደር ጀመርክ። ሱቅ ስትዘጋ ያልተሸጠው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል፤ ጠርዙ የጠወለገ ስፒናች፣ ወገቧ የተሰበረ ካሮት፣ ማንም ያላነሳው ቀይ ሥር። ጎጎ ታንዲ ደግሞ ሞሮጎ አስተማረችህ፣ ያንን በየሜዳው የሚበቅለውን የዱር ጎመን። ሮዝመሪውን ከየት እንደምታመጣው ግን ለማንም አልተናገርንም ነበር። ዛሬ ልናገር፤ ከመኪና ማቆሚያው አጥር ነው። ጥበቃው ሲዞር አንድ ቅርንጫፍ ቀንጥሰህ በማስክህ ስር ደብቀህ ትመጣለህ። የጥብስ ቅጠል የሚሸት ማስክ ያለው ባል የነበራት እኔ ብቻ ነበርኩ።

እምነትህ አንድ ነበር። ቆዳና ፀጉር የሚሠራው ሆድ ውስጥ ነው፣ ከላይ የሚቀባው ጌጡ ነው። እኔ ደግሞ እንጀራዬ ቅባት ነው! የአቮካዶ ዘይት፣ የኮኮናት ዘይት፣ የካስተር ዘይት እያልኩ ገጽ የምሞላ ሴት ቤቴ ውስጥ ተቃዋሚ አግብቼ ተቀመጥኩ። ከሁሉም የሚያናድደኝ መላጣ መሆንህ ነበር። ግንባርህ የት ጋ እንደሚያበቃ ሠዓሊም አያውቀው። «አንተ መላጣ የፀጉር ሐኪም!» ስልህ ድስቱን እያማሰልክ «የኔ ቀድሞ አገር ቤት ገብቷል፤ ያንቺን ልጠብቅ» ትለኝ ነበር። ጓደኞችህ «ቅጠሉ» ብለው ስም አወጡልህ። «ቅጠሉ፣ ዛሬ ምን ቀቀልክ?» «ቅጠሉ፣ ሚስትህ እግሯ ተሰብሮ ነው ወይስ እሷ ናት ያገባችህ?» አንድም ቀን ስትናደድ አላየሁህም። ሳህን ታቀርብላቸዋለህ፣ እየሳቁብህ ይጠጣሉ፣ ጨምርልን ይላሉ።

አንድ ነገር በዚህ ገጽ ጽፌ አላውቅም። መንገድ ላይ የሚሸጠውን ፊት የሚያቀላ ክሬም ደብቄህ ተቀባሁ። በሁለተኛው ሳምንት ጉንጬ ተቃጥሎ እንደ ሽንኩርት ተላጠ። የቁንጅና ጸሐፊዋ! አልተቆጣህም። ክሊኒክ ወሰድከኝ፤ ነርሷ ያንን ነገር ቆሻሻ ውስጥ ጣዪው ብላ መድኃኒት ሰጠችኝ። ቤት ስንገባ ድስት ጣድክ። ባተርነቱን እየላጥክ፣ ጀርባህን እንደሰጠኸኝ፣ «እኔ ያገባሁት ጠይም ሴት ነው» አልክ። ቃጠሎውን ሾርባ አዳነው ብዬ አልዋሽም፤ ያዳነኝ ክሬሙን መጣሌና የነርሷ መድኃኒት ነው። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ አንድ ሳህን ጠጣሁ። የሰኔና የሐምሌ ደረቅ ብርድ ሲመጣ ከንፈሬ አልተሰነጠቀም፣ ተረከዜ አልተተረተረም፣ ፊቴ ዱቄት አልመሰለም። ዘይት ሳይነካኝ አበራሁ።

አሠራሩን በየቀኑ ስለሚጠይቁኝ እዚሁ ልበለው፤ አንተም ከተሳሳትኩ አርመኝ። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በትንሽ ዘይት ይቁላላል። ባተርነትና ካሮት ይገባል። አንድ እፍኝ ምስር ክክ አይቀርም፤ ፀጉር በቅጠል ብቻ አይበቅልም፣ ጉልበት ይፈልጋል። ሮዝመሪው በክር ታስሮ ይገባና ሲያልቅ ይወጣል። የሽፈራው ዱቄት ከሻይ ማንኪያ አይበልጥም፣ ያለዚያ ይመራል። ስፒናቹ ግን መጨረሻ ላይ፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ፤ ይከደንና በራሱ እንፋሎት ይበስላል። በላዩ ሎሚ። በዚህ በስፒናቹ ነገር ስንጣላ ኖርን። እኔ ችኩል ነኝ፣ ከሽንኩርቱ ጋር እወረውረዋለሁ፤ አንተ ጭንቅላትህን ይዘህ ትጮኻለህ።

ከዚያ በሽታው መጣ። ከተማው ሁሉ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ሲግት አንተ ነበርክ የምትቆጣው። «ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ነው፣ ኮሮናም ኮሮና ነው፤ ማስክሽን አድርጊ» ትለኝ ነበር። ሱቁ ግን ሰው ሳይገባበት አይሆንም። የገና በዓል ካለፈ በኋላ አንተ ሳልክ፣ በሦስተኛው ቀን እኔ ተከተልኩህ። አንተን ወሰዱህ፤ እኔ ቤት ቀረሁ። ከሆስፒታል የላክልኝ የመጨረሻ የድምፅ መልእክት አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ትንፋሽህ ይቆራረጣል። ባል ለሚስቱ የሚለው ነገር ይኖራል ብዬ ስጠብቅ፣ «ገኒ… ሾርባ ጠጪ… ስፒናቹን መጨረሻ ላይ» አልክ። በቃ። ሳቅኩ ተስፍሽ። ትኩሳት ላይ ሆኜ፣ ብቻዬን፣ ሳቅኩ። በማግስቱ ደወሉልኝ።

ቀብርህን ያየሁት በስልክ ነው፤ ምትኩ ከፍ አድርጎ ይዞልኝ። ጥቂት ሰው፣ ሁሉም በማስክ፣ ማን ማን እንደሆነ እንኳ አይለይም። አልጮህኩም፣ ደረቴን አልደቃሁም። አልጋ ላይ ተቀምጬ ባትሪው እንዳያልቅ እየጸለይኩ አየሁ።

አርባህ ላይ መሰብሰብ ክልክል ስለነበር ሰዎቹ የመጡት ለሰማንያህ ነው። ዓመት ሙሉ የከበደኝ ነገር የጀመረውም ያን ቀን ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ፀጉሬ መርገፍ ጀምሮ ነበር። ማበጠሪያውን ሳነሳ እፍኝ እፍኝ ይመጣል፤ ትራሴ ላይ፣ ሻወሩ ላይ፣ ምግቤ ላይ። ክሊኒኳ ያለችው ነርስ ከኃይለኛ ትኩሳት በኋላ ብዙ ሰው ላይ እንደሚደርስ፣ ብዙውን ጊዜም ተመልሶ እንደሚመጣ ነገረችኝ። አልሰማኋትም። የተረፈው እዚህም እዚያም ቀርቶ የታመመች ዶሮ መሰልኩ። ስለዚህ ያንተን መላጫ አንስቼ ጠረግኩት።

ለሰማንያህ የእድራችን ሴቶች ሲመጡ ከፊት እትዬ አረጋሽ ነበሩ። እትዬ አረጋሽ ማለት ለቅሶ ቤት ገብተው ማን ከልቡ እንዳለቀሰ፣ ማን ለወግ እንዳለቀሰ ለይተው የሚወጡ ሴት ናቸው። አቅፈውኝ ሲስሙኝ ሻሼ ተንሸራተተ። የተላጨ ራሴን አዩት። ከዚያ «ተላጨችለት! ልጄ፣ ለባሏ ተላጨችለት!» ብለው ጮኹ፤ ሴቶቹ ሁሉ ተከተሉ። «እንዲህ ናት ሚስት! በሰው አገር ወግ ያልረሳች!» በቀብርህ ያልተለቀሰው ለቅሶ ሁሉ በራሴ ላይ ወረደ።

እኔስ? ዝም አልኩ። ኮሮና ነው ያረገፈው ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ምስጋናው ጣመኝ፣ ተስፍሽ። ባሏን በስልክ የቀበረች ሴት ነኝ። አንድ ሰው ሐዘኔን አየልኝ ብዬ ተጠቀለልኩበት። በሳምንቱ ወሬው ከከተማው ማዶ እስከ ቮስሎሩስ ደርሶ ተመልሶ ነበር፤ «ያቺ የቁንጅና ጸሐፊ ፀጉሯን ለባሏ ጣለች» ተብሎ። የማላውቃቸው ሴቶች ታክሲ ላይ እጄን ይይዙኝ ጀመር።

ግን ሾርባውን አላቆምኩም። መልእክትህ ትእዛዝ ሆኖብኝ በየቀኑ ጣድኩ። ጎጎ ታንዲ ሞሮጎ በምትኩ እጅ ትልክልኛለች። የመኪና ማቆሚያው ጥበቃ፣ ያ ስንት ጊዜ ያባረረህ፣ አንተ የት እንደሄድክ ጠየቀኝ፤ ስነግረው ራሱ ቅርንጫፍ ሰብሮ ሰጠኝ። ከወራት በኋላ ጆሮዬ አካባቢ ለስላሳ ነገር ዳበስኩ። እንደ ሕፃን ፀጉር። ሾርባው ይሁን ነርሷ ያለችው ጊዜው ይሁን አላውቅም፤ አንባቢን አልዋሽም። እኔ የማውቀው በላሁ፣ ጠጣሁ፣ በቀለ። ፊቴም ከአመድነት ወጣ።

ይህን ጊዜ ነው ጉዱ የፈላው። መንፈቅህ ላይ እትዬ አረጋሽ ሻሼን በጣታቸው ገለጥ አድርገው አዩ። «ምንድነው ይሄ? ዓመት ሳይሞላው? ላጪው እንጂ!» አሉኝ። ወሬው ተገለበጠ። «ባሏን ቀብራ ፊቷን ታበራለች።» «ለማን ብላ ነው?» «አንድ ሰው ሳይኖር አይቀርም።» አንድ ሰውማ አለ፤ የሞተ ነው፣ መላጣ ነው፣ በድምፅ ብቻ ነው ያለው! ከሁሉም ያቃጠለኝ ግን ሴቶቹ ሳህኔን አይተው ያሉኝ ነው። «ጎመን ሲቀቅል የኖረ ሰው ጎመኑ አላዳነው። አንቺን ምን ሊያደርግልሽ ነው?»

እኔ! አንድ ሳምንት መልስ ስፈልግ ከረምኩ። ሙት ዓመትህ ሊደርስ ሲል በአንድ ቅዳሜ ጠዋት መላጫህን ይዤ መስታወት ፊት ቆምኩ። ብላጨው መልካሟ ሚስት ሆኜ እቀራለሁ። ባልላጨው ውሸቴም ይወጣል፣ ስሜም ይጠፋል። ማሽኑን ከፈትኩት። ድምፁ ያንተው ነው፣ እሑድ እሑድ ያን ራስህን ስትጠርግ የምሰማው። ግንባሬ ጋ አደረስኩት። ከዚያ ይህን ፀጉር ማን እንዳበቀለው ትዝ አለኝ። ያን ያህል ድስት ጥደን፣ ያን ያህል ቅጠል ሰርቀን፣ አንተ ከመጨረሻ ትንፋሽህ ላይ ቆርሰህ ስለ ስፒናች የተናገርከው ልላጨው ነው? ማሽኑን አጠፋሁት። ወርጄ አንዲት ፀጉር ሠሪ ዘንድ ሄድኩና አንተ የምትወደውን ሹሩባ፣ ቀጭን ቀጭኑን፣ ወደ ኋላ የሚሄደውን አሠራሁ። አጭር ስለሆነ ልጅቷ አበሳዋን አየች።

ሙት ዓመትህ ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሥጋ ወጡን እድሩ ሠራ። እኔ ሁለት ሰው የሚሸከመው ድስት ሾርባ ይዤ ገባሁ። ጸሎቱ ካበቃ በኋላ ተነሣሁና ሻሼን ፈታሁ። ጉምጉምታው አንተ ጋ ሳይደርስ አይቀርም። እትዬ አረጋሽ «ኧረ በሥላሴ!» አሉ።

«ለባሌ አልተላጨሁም» አልኩ። «ኮሮናው አረገፈው። ስታመሰግኑኝ ዝም ያልኩት ምስጋናው ስለጣመኝ ነው፤ ይቅር በሉኝ። እኔ ለተስፍሽ ያደረግኩለት ይሄንን ነው፤ ፀጉሬን አበቀልኩለት።» ወደ ሴቶቹ ዞርኩ። «ጎመኑ አላዳነውም ላላችሁኝም፣ ማን ያድናል አለ? እሱ ሾርባ ያበስል የነበረው እንዳንሞት አይደለም። እስክንሞት ድረስ አምሮብን እንድንኖር ነው።»

«እና ሙት ዓመት ሹሩባ ተሠርተሽ ትመጫለሽ?» አሉ እትዬ አረጋሽ።

«ሹሩባ ይወድ ነበር፣ እትዬ። ምን ላድርግ፣ ሟቹ እሱ ነው።»

ከወንዶቹ በኩል ምትኩ ፈነዳ፤ በሳቅ። ከዚያ «ቅጠሉ» ሲሉህ የነበሩት ጓደኞችህ ሳቁ፣ ሲስቁም ያለቅሱ ነበር። አንዱ ተነሥቶ ሳህን ይዞ ወደ ሾርባው ሄደ። ያኔ ሌላውም ተከተለ። የእኔ ድስት ከሥጋ ወጡ ቀድሞ ተጠረገ፤ ይህን ለእድሩ ወጥ ሠሪዎች አትንገርብኝ። ሁሉም ይቅር አላለኝም። ሁለት ሴቶች ሳይሰናበቱኝ ወጡ፤ አንዷ እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም። ተዋት።

ድስቱን ሳጥብ እትዬ አረጋሽ ጓዳ ገቡ። በሩን ዘጉት። ሊገሥጹኝ ነው ብዬ ውኃውን ሳልዘጋ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ወንበር ስበው ተቀመጡና ነጠላቸውን፣ ከዚያ ሻሻቸውን ፈቱ። እሳቸውም በብርዱ ወራት ታመው እንደነበር አውቃለሁ፤ ይህን ግን አላወቅኩም ነበር። መሐል ራሳቸው ባዶ ነው። ጥጥ የመሰለ ነገር በጆሮአቸው ዙሪያ ቀርቷል። መንፈቅህ ላይ ሻሼን በጣት የገለጡት እትዬ አረጋሽ ከዚያ ወዲህ የራሳቸውን ሻሽ ሌት ተቀን አስረው ኖረዋል። (ይህን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ «ዕድሜዬን ብቻ እንዳትጽፊ» ነው ያሉኝ።) ነርሷ ዘንድ ሰኞ አብረን እንሂድ አልኳቸው። በዚያ አዳራሽ በየሻሹ ስር ስንት ሴት ይሆን እንዲህ ተደብቃ የተቀመጠችው? እያንዳንዷ ብቻዬን ነኝ ብላ።

ሻሻቸውን መልሰው አሰሩ። እስከ በሩ ሄደው፣ እጀታውን ይዘው ቆሙ። ይቅርታ የሚሉ መስሎኝ ነበር። ሳይዞሩ፦

«አንቺ… ስፒናቹን መቼ ነው የምትጨምሪው?» አሉኝ።

«መጨረሻ ላይ፣ እትዬ» አልኩ። «እሳቱ ከጠፋ በኋላ።»

አፌ የኔ ነው፣ ቃሉ ግን ያንተ ነበር ተስፍሽ። ስለዚህ ሰው ይረሳሃል ብዬ አልጨነቅም። መላጫህ መሳቢያው ውስጥ ነው፣ እዚያው ይቀመጣል። ሮዝመሪህን ከአጥሩ፣ ሞሮጎህን ከጎጎ ታንዲ እያመጣሁ እቀቅላለሁ፤ ሽበቴም ሲመጣ እጎነጉነዋለሁ። አንተን የረሳሁ ቀን ስፒናቹን ከሽንኩርቱ ጋር ያቃጠልኩ ቀን ነው፤ ያ ደግሞ በዚህ ቤት አይሆንም።

ጠይሟ ሚስትህ፣
ገኒ
ዱርንፎንቴን፣ አምስተኛ ፎቅ